የአሮጌዋ ሞተር ልጓም
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




እኛ የዕቃ ቤቱ ኃላፊዎች ስለ አሮጌዋ የእድራችን ሞተር እንድናስረዳ ታዘን ቀርበናል። «በእድር ስብሰባ ላይ የምን የሞተር ወሬ ነው?» የምትሉ አትጠፉም። ነገሩ ግን የልጆቻችን ነገር ስለሆነ ጥቂት ታገሡን።

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ መብራት በጠፋ ሌሊት ኀዘንተኛ በጨለማ እንዳይቀመጥ፣ ከድንኳኑ ራቅ ብላ በቺንጋ ዲናሞ የምታዞር አንዲት የቤንዚን ሞተር ነበረችን። 5 የፈረስ ጉልበት ያላት ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ናት። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1908 በአሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ የተመሠረተ ሲሆን፣ ትንንሽ ሞተሮቹ በሣር ማጨጃና በውሃ መሳቢያ ላይ ተገጥመው ብዙ አገር ያዳረሱ ናቸው። ዲናሞው ከተቃጠለ ወዲህ ግን ሞተሯ ከድስቶቹ ጀርባ ተጥላ ስለከረመች፣ ለቆራሌው ትሸጥ ተባለ። በዚህ ጊዜ የሰፈራችን ወጣቶች «ለእኛ ትሰጠንና ትንሽ ሞተር ሳይክል እንሥራባት» ብለው ለመኑ። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ብዙ ሰው በእንዲህ ያለ ሞተር ለልጆች ትንንሽ ሞተር ሳይክል ይሠራ ስለነበር፣ ሐሳቡ እንግዳ አልነበረም። ኮሚቴው ፈቀደ፤ እኛም እንድንቆጣጠር ታዘዝን።

ሥራው በማጠብ ተጀመረ። በካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረው የዱሮ ቤንዚን ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኖ ስለነበር፣ ተፈታቶ ተዘፈዘፈ፤ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹም አንድ በአንድ ተነፉ። ቮላኖ የሚባለው ከባዱ ተሽከርካሪ ሲነሣ ከሥሩ ኮንታክቱ ዝጎ ተገኘ። ድርጅቱ ይህን ኮንታክት እ.ኤ.አ. በ1982 በሌላ ዘዴ መተካት ጀምሯል፤ የእኛዋ ግን የዱሮዋ ናት። ስለዚህ ኮንታክቱ ተጠርጎ ክፍተቱ በግማሽ ሚሊ ሜትር ልክ ተስተካከለ። ካንዴላው ተለወጠ፣ ቫልቮቹ በማለስለሻ ቅባት ታሹ፣ 0.6 ሊትር ያህል አዲስ ዘይትም ተጨመረ። ገመዱ ሦስት ጊዜ ሲሳብ ሞተሯ ተነሣች። እናቶች እልል አሉ!

ቀጥሎ በያጅ ከወፍራም የውሃ ቱቦ አካሉን ሠራ። ሞተሩ ሲፈጥን ራሱ የሚይዝ፣ ሲቀንስ ራሱ የሚለቅ ፍሪሲዮን ተገጠመ። በእርሱ ላይ ባለ 10 ጥርስ፣ በኋላ ጎማ ላይ ደግሞ ባለ 60 ጥርስ ማርሽ ገብቶ በካቴና ተያያዘ። ሞተሯ በደቂቃ 3600 ጊዜ ስትዞር ጎማው 600 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የጎማው ዙሪያ 1 ሜትር ከ4 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ፍጥነቷ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ለልጅ ይህ መች አነሰ?

ለልጆቹ ግን አነሳቸው። በዚህች ሞተር ውስጥ ፍጥነቱ ከ3600 ብዙ እንዳያልፍ የሚይዝ ልጓም አለ። እኛም «ይህን አትንኩ» ብለን አስጠንቅቀን ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ከሜዳው በኩል እንደ ጩኸት ያለ ድምፅ ሰምተን ብንሮጥ፣ ልጓሙን ፈትተው የነዳጅ መስጫውን ሽቦ በቀጥታ ከካርቡራቶሩ ጋር አስረውት አገኘን። የ14 ዓመት ልጅ ተቀምጦባታል። ፈጣሪ ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። ሞተሯን ስንከፍታት ግን ፒስቶኑን የሚገፋው ቢየላ ተፋፍቆ ሊጣበቅ ጥቂት ነበር የቀረው።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲጨምር ቢየላውንና ቮላኖውን የሚጎትተው ኃይል በግማሽ አይደለም የሚጨምረው፤ ከሁለት እጥፍ ያልፋል። ቢየላዋ አልሙኒየም ናት፤ ዘይትም የሚደርሳት በመረጨት ብቻ ነው። ቮላኖው በዚያ ፍጥነት ቢሰነጠቅ ስብርባሪው እንደ ቦምብ ፍንጣሪ ይበተናል፤ ያውም በልጁ እግር ሥር።

ልጆቹን ልንገሥጽ ሰበሰብናቸው። አንደኛው «ለምን እንደማይነካ ማን ነገረን?» ሲል አፋችን ተያዘ። እውነቱን ነው። «አትንኩ» አልን እንጂ ምክንያቱን አልነገርናቸውም። በእድራችንም የምናደርገው ይህንኑ አይደለም? ወጣቱ ከቀብር የቀረ መቀጫ እንደሚከፍል ያውቃል። ሁሉም ቢቀር ሬሳውን የሚሸከም እንደማይኖር ግን ቁጭ ብለን አላስረዳነውም። ምክንያቱ ያልተነገረ ደንብ ዞር ሲሉ የሚፈታ ልጓም ነው።

ከዚያ በኋላ የተፋፈቀውን ቢየላ በእጃቸው አስይዘን፣ ሒሳቡንም በወረቀት ላይ አብረን ሠራን። ለቢየላው መለወጫ ከኪሳቸው አዋጡ፤ ልጓሙንም የመለሱት ራሳቸው ናቸው። ሰፈራችን ዳገት ስለሆነ ጉልበት ያስፈልጋታል ሲሉ፣ ሞተሯን ሳንነካ የኋላውን ማርሽ ባለ 72 ጥርስ አደረግነው። ፍጥነቷ ወደ 31 ኪሎ ሜትር ወረደ፤ ዳገቱን ግን ሳትንገዳገድ ትወጣለች። ማሻሻል ማለት ይህ ይመስለናል፦ እያንዳንዱ ነገር ለምን እንደተቀመጠ አውቆ የሚነካውን መንካት፣ የማይነካውን መተው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንዲወሰንልን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ያለ ራስ መከላከያ ቆብ ማንም እንዳይነዳት፤ ሁለተኛ፣ ታርጋ የላትምና ከሜዳው ወጥታ መኪና መንገድ ላይ እንዳትገባ፤ ሦስተኛ፣ በወር አንድ ቀን ወጣቶቹ በአዋቂ ፊት ፈታተው የሚማሩባት እንድትሆን። ወጪው የቤንዚንና የዘይት ብቻ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና አይብዛባችሁ።

እድራችን የቆመው ሰው ሲሞት ለመቅበር ነው፤ ይህን በደንብ እናውቅበታለን። ድንኳናችን ዕድሜ ለጠገበ ሽማግሌና አሮጊት ይተከል እንጂ ለልጅ አይተከል። ለዚህ የሚሆን ሥራ ደግሞ ከጡሩንባው በፊት የሚሠራ ነው።