ከጎረቤት ኪስ የወጣ ክኒን

እዚህ ቦሬ ብርዱ ሲጠና ገብስ ሲያጭድ የዋለውም፣ እንሰት ስትፍቅ የዋለችውም ማታ ወገባቸውን ይዘው ማስታገሻ ይፈልጋሉ። ያኔ ጎረቤት ከኪሱ ዲክሎፌናክ አውጥቶ «ይቺ ለእኔ ፍቱን ናት» ይላል። በቅንነት ነው። ግን ለእሱ የታዘዘው መድኃኒት ለእናንተ አልታዘዘም።

ዲክሎፌናክ ሕመሙን ሲያስታግስ የጨጓራን መከላከያም ያዳክማል። ሲደጋገም ጨጓራ ይቆስላል፣ ይደማል። ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ውሎ ሳያድር ጤና ጣቢያ ሂዱ። ኩላሊቱን የታመመና የደም ግፊት ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ሐኪም ሳያዝዝ አይውሰዱት።

ፓራሲታሞልም ልክ አለው፤ ጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም። ብዙ የጉንፋን ክኒኖች ውስጥም ስላለ ሳይታወቅ ተደራርቦ ጉበት ይጎዳል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ትራማዶል የሚባለው ማስታገሻ ነው። ያፈዝዛል፣ ሆድ ያደርቃል፣ አንዳንዱን ሰው ጥሎ ያንዘፈዝፋል፣ ሱስም ያስይዛል። ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ እስከማቆም ይደርሳል። ከቦሬ በአዶላ አድርጋችሁ ወደ ነገሌ የምትነዱ ሾፌሮች፣ እባካችሁ ይህን ውጣችሁ መሪ አትጨብጡ። ለረጅም ጊዜ የወሰደውም ሰው በድንገት አያቋርጠው፤ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ይቀንሰው።

ፋርማሲ ስትሄዱ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ አሳዩ። የመድኃኒቱ ፖስታ ላይ «1×3» ተብሎ ከተጻፈላችሁ በየ8 ሰዓቱ አንድ ነው፤ ሦስቱን በአንዴ መዋጥ አይደለም። ጽሑፉ ካልተነበበላችሁ ከመስኮቱ ሳትርቁ ጠይቁ።