ስለ «ሻንጣ» ቲያትራችን፦ በሹዌኽ የጁምዓ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

ያለችንን አንዲት የዕረፍት ቀን ትታችሁ፣ አንዳንዳችሁም ከጃህራና ከፋሃሂል ድረስ የታክሲ ከፍላችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። ማዳም አላስወጣ ብላቸው ለቀሩት ደግሞ ጸሐፊያችን ይህንን ጽፋ በጋዜጣችን ታወጣዋለች። እናንተ ቤት ውስጥ ሆናችሁ የምታነቡትም እዚሁ እንደተቀመጣችሁ ቁጠሩት።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ለእንቁጣጣሽ ልናሳየው ባሰብነው «ሻንጣ» በተባለው አጭር ቲያትር ላይ ሁለት ዓይነት ተቃውሞ መጥቷል። አንዱ የሃይማኖት ነው፣ አንዱ የፖለቲካ። ሁለቱንም ያመጡት የራሳችን ልጆች ናቸው እንጂ የአገሩ ፖሊስ አይደለም። ስለዚህ መልሱም ከእኛው ነው። ንግግሬን ስጨርስ እጅ እናወጣለን፤ ይቅር ካላችሁ ይቀራል፣ እኔም አልቀየምም። ግን ሳትሰሙ እንዳትወስኑ።

ቲያትሩን ላላያችሁ፦ አንዲት ልጅ ስድስት ዓመት ሠርታ አገሯ ልትገባ ሻንጣ ታስራለች። በሕልሟ ሰው ሁሉ እየመጣ ሻንጣውን ይከፍታል። ወንድሟ ይመጣል፣ የላካት ደላላ ይመጣል፣ ማዳም ትመጣለች፣ የሰፈር ሰው ይመጣል። ሁሉም የሚፈልገውን ይወስዳል። በመሃል ሁለት ጓደኛሞች፣ አንዷ ሙስሊም አንዷ ክርስቲያን፣ በአንዲት ጠባብ የሠራተኛ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይጸልያሉ። ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ይኼው ነው።

ምን ተባለ? አንደኛ፣ ጸሎት መድረክ ላይ መታየት የለበትም፣ ቀልድ ይሆናል ተባለ። ሁለተኛ፣ ሴት ልጅ ሰው ፊት ቆማ መጫወቷ፣ ዘፈንም ያለበት ከሆነ፣ ሐራም ነው ያሉ እህቶች አሉ፤ ከእኛ ከክርስቲያኖቹም «የአዝማሪ ሥራ ነው፣ ነፍስ አባቴ አይወዱትም» ያለች አለች። ሦስተኛው ከሁሉ የከረረው ነው። ደላላው ልጅቷን «የየት አገር ሰው ነሽ?» ብሎ የሚጠይቅባት ቦታ አለች። እሷ ጎንደር ብትል፣ ወሎ ብትል፣ ጅማ ብትል፣ መቐለ ብትል አንዱ ወገን ይከፋዋል ተባለ። አገራችን ያለው ነገር እዚህ አዳራሽ ውስጥ ገብቶ ያጣላናል የሚል ፍራቻ ነው። ፍራቻው ውሸት ነው አልልም። በአንድ ክፍል የሚያድሩ ልጆች በስልክ ባዩት ዜና ተኮራርፈው ቡና መጠራራት ሲተዉ አይተናል።

እኔ ግን ይህ ነገር በእኛ የተጀመረ እንዳልሆነ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። አሥረኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ የተማርኩት ጥቂት ነው፣ ያነበብኩት ግን አለ።

የመጀመሪያው የአማርኛ ቲያትር የማን ነው ቢሏችሁ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው። ከዓድዋ በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩስያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። ተመልሰው አዲስ አበባ ውስጥ ቲያትር ተብሎ የሚታየውን ቢያዩት ዘፈንና ጭፈራ ሆነባቸው፤ ቲያትር እንዲህ አይደለም ብለው ራሳቸው ጻፉ ይባላል። «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመዲያ» ይባላል፤ በ1913 ዓ.ም. አካባቢ ነው የታየው። የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው። ላ ፎንቴን ከሚባለው ፈረንሳዊ ተረቶች የተወሰደ ነው። አውሬዎቹ ሲናገሩ ግን ጉቦውን፣ ሹማምንቱን፣ አስተዳደሩን ነበር የሚነኩት። ተመልካቹ ገባው፣ ቤተ መንግሥቱም ገባው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቲያትሩ ታገደ፣ የታተመውም መጽሐፍ እንዲሰበሰብ ተደረገ። የአማርኛ ቲያትር ለዓመታት ቆመ፤ እንደገና ብቅ ያለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ጊዜ፣ በ1923 ዓ.ም. ነው።

አስቡት፣ በአውሬ ስም የተነገረ ተረት ነው መንግሥት ያስደነገጠው። እኒያው ተክለ ሐዋርያት ደግሞ በዚያው በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የአገሪቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። በኋላም ጄኔቫ የመንግሥታት ማኅበር ላይ ለኢትዮጵያ ተናግረዋል። ልጃቸው ገርማቸውም ቲያትር ጻፉ፤ «ቴዎድሮስ»ን። አባት ታግዶበት ልጅ መጻፉን ሳስበው ደስ ይለኛል፤ በእኛ ቤት ቢሆን ኖሮ «አባትህን ያስቀጣ ነገር አትንካ» ይባል ነበር።

አሁን ለነፍስ አባት ጉዳይ። ዮፍታሔ ንጉሤን ታውቋቸዋላችሁ? የጎጃም ሰው ናቸው፣ ደብረ ኤልያስ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ ቅኔ የተማሩ ናቸው። ከዚያ የተማሪ ቤት ልጆችን ይዘው ቲያትር ያሠሩ ነበር። ጣሊያን ሲገባ ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ እዚያም ስደት ላይ ሆነው «አፋጀሽኝ» የሚለውን ቲያትር ጻፉ። ስደተኛ ናቸው እኮ! እንደ እኛ በሰው አገር ተቀምጠው። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ቲያትር ከሠራ፣ ሃይማኖት ቲያትርን በጠቅላላው ይጠላል ማለት አንችልም። ፀጋዬ ገብረ መድኅንም «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ሲል በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን የረሸናቸውን ጳጳስ፣ አቡነ ጴጥሮስን ነው መድረክ ላይ ያቆመው። ጳጳስ መድረክ ላይ ቆመው ሕዝቡ አለቀሰ እንጂ አልሳቀባቸውም። ቀልድ የሚያደርገው መድረኩ ሳይሆን የአጫዋቹ አያያዝ ነው። ፀጋዬም ቢሆን አልተመቸውም፤ ሥራዎቹ ታግደውበታል፣ በደርግ ጊዜ ታስሯል።

የሴቷን ነገር ደግሞ ስሙ። በድሮው የአዲስ አበባ ቲያትር የሴቱን ክፍል የሚጫወተው ወንድ ነበር፤ ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ። ሴት ሰው ፊት መቆሟ ነውር ነዋ። ክራር ትደረድር የነበረችው አስናቀች ወርቁ ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋናዮች አንዷ ሆና ስትወጣ ስንት ስድብ እንደጠጣች እናንተው ገምቱ። ዛሬ ያኔ የሰደቧትን ሰዎች ስም የሚያውቅ የለም።

«የእኛ አገር ነው እንጂ የዓረቡ አገር ሌላ ነው» ያላችሁም አላችሁ። አይደለም፣ እዚሁ ኩዌትም እንዲሁ ነበር። እዚህ ቲያትር የተጀመረው በወንዶች ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በሙባረኪያ ትምህርት ቤት የሠሩት «የዑመር መስለም» የሚል ነበር፤ ሃይማኖታዊ ታሪክ ነው። የሴት ክፍል ካለ የሚጫወተው ልጁ ተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዘኪ ጡለይማት የሚባል ግብፃዊ አዘጋጅ መጥቶ የቲያትር ቡድን ሲያቋቁም ነው መርየም አል ሷሊሕና መርየም አል ገድባን የሚባሉ ሁለት የኩዌት ሴቶች መድረክ ላይ የወጡት። ያኔም ጉድ ተብሏል። አሁን ማዳሞቻችን በረመዳን ማታ ቴሌቪዥን ከፍተው የሚያዩአቸው ሴት ተዋናዮች የእነዚያ ልጆች ናቸው። እናንተም ሻይ እያቀረባችሁ በጎን ታዩአቸዋላችሁ፣ አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ የምለው እህቶቼ ያነሱትን ለማናናቅ አይደለም። እንዲያውም የጸሎቱን ጉዳይ ሳስበው ግማሹ ልክ ነው። ስግደቱንና የጸሎቱን ቃል መድረክ ላይ ማስመሰል ከባድ ነው። ስለዚህ ከአዘጋጆቹ ጋር ተነጋግረን እንዲህ አሰብን፦ ጸሎቱ አይታይም፣ አይነገርም። አንዷ መስገጃዋን ታነጥፋለች፣ አንዷ ነጠላዋን ታጣፋለች፤ ከዚያ መብራቱ ይጠፋል። ሲበራ መስገጃው ተጠቅልሏል፣ ነጠላው ትከሻ ላይ ነው። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ አንዷ ስትሰግድ ሌላዋ አልጋ ላይ እግሯን ሰብስባ ቦታ እንደምትለቅላት ብቻ ይታያል። ይህን የማያውቅ ከመካከላችን ማን አለ? በዘፈን ፋንታም እንጉርጉሮ ይሁን፣ ያለ መሣሪያ። መጫወት የማትፈልግ እህት አትገደድም፤ አልባሳት መስፋትም፣ ቡና ማፍላትም፣ በር ላይ መቆምም ሥራ ነው። ቀኑ ጁምዓ ስለሆነ ከሰላት በኋላ እንጀምራለን፤ ለእኛም ዓርብ ጾም ነውና ምግቡ ሽሮና አልጫ ነው። ሥጋ ያማራችሁ ታገሡ።

የ«የየት አገር ሰው ነሽ» ጉዳይ ላይ ግን እኔ አልስማማም። መልሱን ቆርጠን እንጣለው ያላችሁ ብዙ ናችሁ። እኔ የምለው ጥያቄው ይቆይ፣ መልስ ብቻ አይኑረው። ደላላው ይጠይቃታል፤ እሷ ዝም ትላለች፣ ሻንጣዋን ትዘጋለች። ምክንያቱም ያ ጥያቄ የእውነት ይጠየቃል። መክተብ ውስጥ ተጠይቀናል፣ አውሮፕላን ጣቢያ ተጠይቀናል፣ እዚህ ማኅበር ስንመዘገብም ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመን ገና ሳንቀመጥ ተጠያይቀናል። ከቲያትሩ ብናወጣው ከአፋችን አይወጣም። ተክለ ሐዋርያት አውሬ አድርገው አለፉ፤ እኛ በዝምታ እንለፈው።

አሁን ስለ ደኅንነታችን፤ ይህ ላይ ቀልድ የለም። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የአገሩ የስብሰባ ሕግ የውጭ ሰው በሰልፍና በሕዝባዊ ስብሰባ እንዳይካፈል ይከለክላል። የአገሩ ሰዎች የሚያሳዩት ቲያትር እንኳ ጽሑፉ አስቀድሞ ለፈቃድ ይቀርባል። ስለዚህ ትኬት አንሸጥም፣ ማስታወቂያ አንለጥፍም፣ ሰልፍ የሚመስል ነገር በር ላይ አይኖርም። የማኅበሩ አባልና አባሉ የጋበዘው ሰው ብቻ በቤታችን አዳራሽ ይገባል። የማንም ማዳም፣ የማንም መክተብ፣ የየትኛውም መሥሪያ ቤት ስም አይጠራም፤ ማዳሟ «ማዳም» ናት፣ ደላላው «ደላላ» ነው።

ከሁሉ በላይ ስልክ። ስልካችሁ በር ላይ በከረጢት ይቀመጣል። በመካከላችን ከከፊሏ ቤት ወጥታ የመጥፋት ክስ የተመሠረተባት እህት አለች፣ ምናልባትም ከአንድ በላይ። ቲክቶክ ላይ የተለቀቀ ግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ እሷን ያስይዛታል፣ ያስባርራታልም። ተዋናይዋም ብትሆን ማዳሟ ቪዲዮውን አይታ «እኔን ነው የተጫወትሽው» ብትላት መልስ የላትም። ስልኬን አልሰጥም የምትል እህት ካለች ሻይዋን እዚሁ ጠጥታ ውጭ ትጠብቀን። ይህቺን ድምፅ አንሰጥባትም፤ ወስነናል።

ልምምዱ ያለን በጁምዓ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይሰጠናል፤ ሁላችንም ግን እንደማናገኘው ታውቃላችሁ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሰው ይለማመዳል፤ አንዷ ማዳሟ ባታስወጣት ሌላዋ ትተካለች። የወንድሟን ክፍል የሚጫወት አግኝተናል። የማዳሟን ክፍል ሦስት ሰዎች ተሻምተውበታል፣ ለምን እንደሆነ አልጠይቅም። የደላላውን ግን እስካሁን እሺ ያለ የለም፤ ሁሉም «ሰው ይጠላኛል» ይላል። ወንድሞች፣ በተለይ ከጋራዥ ሰፈር የመጣችሁ፣ እባካችሁ አንዳችሁ እጅ አውጡ፤ ሰባት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚናገረው።

በሉ፣ መጀመሪያ «ይታይ» የምትሉ እጃችሁን አንሡና እንቁጠር።