ደጃችሁ ክፍት ይሁን



ከዛሬዎቹ ተመራቂዎች መካከል ለሁለት ታላላቆቻችን፣ ለባልና ሚስቱ፣ ለብቻ የምለው አለኝ። ጡረታ ወጥታችሁ፣ የልጅ ልጅ አይታችሁ፣ አሁን ለወንጌል አገልግሎት ወደ ጁባ ልትሄዱ ነው። የቢጫ ወባ ክትባቱን ተከትባችኋል፤ የደም ግፊቱ መድኃኒት ተቆጥሮ ተቋጥሯል፤ ጀበናው በጋቢ ተጠቅልሎ ሻንጣ ገብቷል። ልጆቻችሁ ግን «በዚህ ዕድሜ?» ይላሉ። ይበሉ፤ ከፍቅር ነው።

እናንተም «ዘገየን» የምትሉ ከሆነ ወንጌላዊውን ኦነሲሞስ ነሲብን አስቡ። በ1881 እ.ኤ.አ. ስዊድን ተምሮ ሲመለስ በሱዳን በኩል ወለጋ ሊገባ ተነሣ፤ አልሆነለትም። ባለቤቱ ምሕረት ኃይሉ ያን አገር ሳታይ ዐረፈች። እሱ የገባው ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ1904 እ.ኤ.አ. ነው። ግን ባዶ እጁን አልገባም፤ እንደ አስቴር ጋኖ ካሉ ረዳቶች ጋር ደክሞ፣ የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. አሳትሞ ነበር።

እናንተስ ምን ይዛችሁ ትገባላችሁ? ትዳራችሁን። ባልና ሚስቱ አቂላና ጵርስቅላ ቆሮንቶስ ላይ ድንኳን እየሰፉ ጳውሎስን በቤታቸው አኖሩት፤ ኤፌሶን ላይ አጵሎስን በሰው ፊት ሳያሳፍሩ ወደ ራሳቸው ወስደው አስተማሩት።

እዚህ ሩንዳ ሰፈር ግን እንግዳ የሚገባው ዘበኛው ደውሎ ሲፈቀድለት ነው። ጁባ ላይ እንዲህ አትኑሩ። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ጥሩ። ጎረቤቶቻችሁ ስትኮራረፉም ስትታረቁም ይዩአችሁ፤ ከብዙ ስብከት ይልቅ እሱን ያስታውሳሉ። ሩዋካ ገበያ ያለችው ሽንኩርት ሻጭ የተሰባበረ ስዋሂሊያችሁን ታግሣ እንዳስተማረቻችሁ፣ የጁባም ልጆች ዐረብኛቸውን ያስተምሯችሁ። ይሣቁባችሁ፤ ከማስተማራችሁ በፊት ተማሩ።

ለእኛ ለቀሪዎቹ አንድ አደራ አለኝ። «እንጸልይላችኋለን» ብለን ብቻ አንሸኛቸው። መድኃኒቱ በየወሩ ይገዛል፤ የቤት ኪራዩም በየወሩ ይከፈላል። ቃል የገባን በጊዜው እናድርስ፤ ስልክም እንደውል።

ጌታ መንገዳችሁን ያቅና፤ ጤናችሁን ይጠብቅ። በሰላም ግቡ።