የጋሪ አህዮቻችንን እግር እንይ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በጅግጅጋም ሆነ በቀብሪ በያህ ውሃችንን በጋሪ የሚያመላልሰው አህያ ነው። አህያው ሲያነክስ ውሃ አይሸጥም፤ ውሃ ካልተሸጠ የሳምንቱ ቁጠባችን ይጎድላል።

እግሩ ቆስሎ ስናይ ማንኛውንም ነገር ከመቀባታችን በፊት ቁስሉ የት እንዳለ እንመልከት። ከኮቴው በላይ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ከተላጠ ያቆሰለው የታሰረበት ገመድ ነው። ገመዱን እንፍታ፤ ቁስሉን አፍልተን ባቀዘቀዝነው የጨው ውሃ አጥበን እናድርቅ። ሲባጎውን ትተን ሰፊና ለስላሳ ማሰሪያ እንጠቀም። ገመዱ ካልተነሳ መድኃኒት ብቻውን አያድነውም።

አህያው እግሩን መሬት ላይ የሚመታ፣ በጥርሱ የሚያክ፣ ፀጉሩ የሚረግፍና ቆዳው የሚቀረፍ ከሆነ ግን እከክ ሊሆን ይችላል። እከክን የምታመጣው በዓይን የማትታይ ተባይ ናት። ወደ ሌሎች አህዮች ትተላለፋለች፤ አንዳንዷም ሰውን ታሳክካለች። አህያውን ለይተን፣ እጃችንን ታጥበን ወደ እንስሳት ሐኪም እንሂድ። እንደ አይቨርሜክቲን ያለው መድኃኒት እንቁላሏን ስለማይገድል፣ ተሻለው ብለን ሁለተኛውን ቀጠሮ አንተው።

የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት ይቅር። ቆዳ ያቆስላል፤ ሲልሰውም ይመርዘዋል።

ደጋፊዎቻችን፣ አዲስ አህያ ከመግዛት በፊት ያሉትን ለማሳከም እርዱን። እኛም ማታ ጋሪው ሲፈታ አራቱንም እግር እንዳስስ።