ትምባሆና ሐሺሽ ሲገናኙ፦ ከአይጥ የተገኘ ትምህርት



ባለፈው ስለ ትምባሆ ስንነጋገር አንድ አባት ከኋላ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ የትምባሆውስ ይሁን። ሐሺሽ ከትምባሆ ጋር ቀላቅሎ የሚያጨስ ጎረምሳስ ምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «እሱን ነገር ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ እየሞከሩት ነው» ስል ቤቱ በሣቅ ተሞላ። «ጎተራችንን ስትበላ ኖራ፣ አሁን ደግሞ ሲጃራ ጀመረች?» ያሉም ነበሩ። ዛሬ የመጣሁት ያንን ጥያቄ በደንብ ለመመለስ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን እንወቃቸው። በትምባሆ ውስጥ ሱስ የሚያሲዘው ነገር ኒኮቲን ይባላል። በጋያ ቢጠጣ፣ በሲጃራ ቢጤስ፣ በሱረት ቢሳብ ያው ኒኮቲን ነው። ከትምባሆው ለይተው ያወጡት በ1828 ሁለት ጀርመኖች ናቸው። የሐሺሹ ግን በጣም ዘገየ። በ1964 በእስራኤል አገር ራፋኤል መሹላምና ይሂኤል ጋኦኒ የተባሉ ሊቃውንት ቲ ኤች ሲ የሚባለውን አስካሪውን ነገር ለይተው አወጡ። መሹላም ለምርምሩ 5 ኪሎ ሐሺሽ ከፖሊስ ተቀብለው በአውቶቡስ ሲጓዙ፣ ተሳፋሪው ስለ ሽታው ይጠያየቅ እንደ ነበር ራሳቸው ሲያወጉ ኖረዋል።

ኒኮቲንና ቲ ኤች ሲ አንጎል ሲደርሱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው በር አላቸው። አንዱ በሌላው በር አይገባም። የሐሺሹ በር መኖሩ የታወቀው በ1988 በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ነው። የተገኘውም በአይጥ አንጎል ውስጥ ነው። ሰውም ይኸው በር አለው። በሮቹ ሁለት ይሁኑ እንጂ የሚያደርሱት ወደ አንድ ቤት ነው፤ ሰው የራበው ሲበላ፣ የጠማው ሲጠጣ ደስ ወደሚለው የአንጎል ክፍል። እንግዲህ አንዱ የሌላውን ጉልበት ይጨምር ይሆን? ጥያቄው ይህ ነው።

«ታዲያ የሚያጨሱትን ሰዎች መጠየቅ አይሻልም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ይጠየቃሉ። ነገር ግን አንድ ጎረምሳ ሐሺሽ ቀምሶ ወደ ሲጃራ ቢሄድ፣ የወሰደው ሐሺሹ ነው ወይስ ጓደኛው? ወይስ ሥራ ማጣቱ? አይለይም። እናንተ ማዳበሪያ ስትሞክሩ እንዴት ታደርጋላችሁ? አንዱን ማሳ ለሁለት ትከፍላላችሁ። በግማሹ ማዳበሪያ ትጨምራላችሁ፣ ግማሹን እንዲሁ ትዘራላችሁ። ዘሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ። ልዩነት ከመጣ ከማዳበሪያው ነው። የሰው ልጆችን ግን «እናንተ ሐሺሽ አጭሱ፣ እናንተ ተዉ» ብሎ መክፈል ነውርም ወንጀልም ነው። ስለዚህ ዕዳው በአይጥ ላይ ወደቀ። እኔ ለአይጥ የሚራራ አንጀት የለኝም ብል ግን ውሸት ነው፤ ሥራው ያስጨንቃታል። ለዚህም ነው በብዙ አገር ያለ ፈቃድ እንዳይሠራና አይጦቹም ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይበዙ ደንብ የወጣለት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አይጧ ብቻዋን ሣጥን ውስጥ ትገባለች። ከደም ሥሯ ጋር ቀጭን ቱቦ ተያይዟል። በሣጥኑ ግድግዳ ላይ መርገጫ አለ። ስትረግጠው እጅግ ጥቂት ኒኮቲን በቱቦው ይገባላታል። እንድትረግጥ የሚያስገድዳት የለም። ወዳ ደጋግማ ከረገጠች ለመደችው ማለት ነው። አይጥ ለኒኮቲን ብላ እንደምትረግጥ በ1989 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ በደንብ ታየ። ከለመደች በኋላ ደግሞ ዋጋውን ያስወድዱባታል። አንድ ጊዜ ረግጣ ታገኝ የነበረውን፣ ብዙ ጊዜ ካልረገጠች አይሰጧትም። ሲወደድባት ትተዋለች ወይስ ትለፋለች? ገበያ የሚወጣ ሰው ይህን ፈተና ያውቀዋል።

አሁን ሐሺሹን እንጨምርበት። በ2013 በአሜሪካ መንግሥት የሱስ ምርምር ተቋም የሚሠሩ ሊቃውንት አንድ ውጤት አወጡ። አይጦቹን እንደ ማሳው ለሁለት ከፈሏቸው። ለአንደኛው ወገን ለጥቂት ቀናት ቲ ኤች ሲ ሰጧቸው። ለሌላው ወገን ቲ ኤች ሲ የሌለበት ፈሳሽ ሰጧቸው። ከዚያ ያንን አቁመው ሁሉንም ከኒኮቲኑ ጋር አገናኟቸው። ቲ ኤች ሲ ካልቀመሱት ከመቶ 65 እጁ ኒኮቲኑን ለመዱ። ከቀመሱት ግን ከመቶ 94 እጁ ለመዱ። ዋጋው ሲወደድም ይበልጥ የለፉት የቀመሱት ናቸው። ሐሺሹ እኮ ቀርቷል! ቢቀርም ለትምባሆው መንገድ ጠርጎለት ሄደ ማለት ነው።

ከዚያ ቀደም በ2002 የአውሮፓ ተመራማሪዎች በትንንሾቹ አይጦች ላይ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሰጥተው ነበር። ኒኮቲኑ ለብቻው አይጧን ደስ የማያሰኝ ጥቂት፣ ቲ ኤች ሲውም እንዲሁ ጥቂት ነበር። ሁለቱ ጥቂቶች ሲገናኙ ግን አይጧ የተሰጠችበትን ቦታ ወደደች፤ እዚያ መዋልን መረጠች። ሁለቱን ለብዙ ቀን የለመዱት አይጦች ደግሞ ቲ ኤች ሲው ሲቋረጥባቸው የሚይዛቸው መንቀጥቀጥ ጠነከረ።

ስለዚህ ለእኒያ አባት የምመልሰው ይህ ነው፦ በአይጥ እንደታየው አንዱ ሌላውን ያበረታዋል። በአውሮፓ ብዙዎች ሐሺሹን ከትምባሆ ጋር በአንድ ወረቀት ይጠቀልሉታል። «እኔ ሲጃራ አላጨስም» ይላል እንዲህ ያለው ሰው። ኒኮቲኑ ግን በየጥቅሉ ይገባለታል።

«በአይጥ የታየ ሁሉ በሰው ይሆናል ወይ?» ብትሉኝ፣ አይደለም። አይጧ የተሰጣት ንጹሕ ኒኮቲን እንጂ ጢስ አይደለም። አይጥ ጓደኛ አይገፋፋትም፤ የዕዳ ሐሳብም የለባትም። ደግሞ የሚከተለውን ስሙ። የሐሺሹን በር የሚዘጋ ሪሞናባንት የሚባል መድኃኒት ተሠርቶ ነበር። በ2002 አይጦች ሲሰጣቸው ለኒኮቲን መርገጡን ቀነሱ። ሰው ከሲጃራ እንዲላቀቅ ይረዳል ተብሎ ትልቅ ተስፋ ተጣለበት። በ2006 በአውሮፓ ውፍረት ለመቀነስ እንዲሸጥ ተፈቀደ። ከወሰዱት ሰዎች አንዳንዶቹን ግን ከባድ ድብርት ያዛቸው። ራሳቸውን የማጥፋት ሐሳብ የመጣባቸውም ነበሩ። በ2008 ሽያጩ ታገደ። አይጧ መርገጡን መቀነሷን በዓይን አይተናል። ልቧ ተክዞ እንደ ሆነ ግን ማን ይጠይቃታል?

አሁን በአንዳንድ ላቦራቶሪ አይጦቹ በደም ሥር መወጋታቸው ቀርቶ፣ እንደ ሰው በሳንባቸው እንፋሎቱን እንዲስቡ እየተደረገ ይሞከራል። እንግዲህ የእናንተን ጥያቄ ልስማ። ከኋላ ያሉት ይቅደሙ።