በጾም የተውነው ማዕድ የማን ነው?

(ከጾመ ፍልሰታ አስቀድሞ ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት በተሰጠ ሥልጠና ላይ የቀረበ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ወደ እግዚአብሔር መቅረብ ሲባል የብዙዎቻችን አሳብ ወደ ገዳምና ወደ ሩቅ ስእለት ይሄዳል። ይህ የተባረከ ነው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያናችን ለገበሬውም ለነጋዴውም በየቤቱ የሰጠችው መንገድ አለ፤ እርሱም ጾም ነው።

አሁን ከፊታችን ያለው ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል። ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙት፣ ውዳሴ ማርያም የሚተረጎምበት፣ ምእመናን በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ሱባኤ የሚይዙበት የተወደደ ጾም ነው። ይሁን እንጂ ወቅቱ በብዙው የገጠር አጥቢያችን ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ የሚያልቅበት፣ አዲሱ ደግሞ ገና በማሳ ላይ ያለበት ነው። ስለዚህ በአንድ አጥቢያ ሁለት ዓይነት ሰዎች ሳይበሉ ይውላሉ። አንዱ እህል እያለው ስለ እግዚአብሔር ብሎ የተወ ነው፤ ሌላው የሚበላው ያጣ ነው። የጾሙ ሰዓት ሲደርስ የመጀመሪያው ወደ ማዕዱ ይሄዳል። ሁለተኛውስ ወዴት ይሄዳል?

በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 የተወቀሱት ሰዎች ጾምን የተዉ አልነበሩም፤ እየጾሙ ሠራተኛቸውን የሚያስጨንቁ፣ የተራበውንም የረሱ ነበሩ እንጂ። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተራበውን ሰው ረኃብ የራሱ አድርጎ ቆጥሮታል። እንግዲህ በጾም የተውነው ማዕድ ተመልሶ በጎተራችን የሚከማች ከሆነ፣ ጾማችን ቁጠባ ሆኖ እንዳይቀር ያሠጋል። የተውነው ወደ ጎረቤታችን ሲደርስ ግን እኛም ወደ እግዚአብሔር እንቀርባለን።

ይህ የተራድኦ ሥራ ስለሆነ የኮሚሽኑ ድርሻ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ በዚህ አገልግሎት የተሰማራን እንደምናውቀው ፕሮጀክት የሚጀመርበትና የሚፈጸምበት ቀን አለው፤ የተረጂዎች መዝገብም ወሰን አለው። ከመዝገቡ ውጭ የቀረችውን ባልቴት ግን የንስሐ አባቷ ያውቋታል። ጾምም በየዓመቱ ይመለሳል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን በትሕትና እናሳስባለን።

አንደኛ፣ የንስሐ አባቶች የኑዛዜው ምሥጢር ሳይነካ፣ በጉብኝት ያዩአቸውን ችግር የጸናባቸው ቤቶች ጾሙ ከመግባቱ በፊት ለሰበካ ጉባኤው ያመልክቱ።

ሁለተኛ፣ የሚችል ቤተሰብ ሁሉ በሳምንት አንድ ጣሳ እህል ያምጣ። መቶ አባወራ ቢያመጣ በፍልሰታ ሁለት ሳምንታት 200 ጣሳ ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ማንም ሳይከብደው ብዙ ቤት ይጎበኛል። የገባውም የወጣውም በደረሰኝ ይሁን፤ መተማመን የሚጸናው በዚህ ነውና።

ሦስተኛ፣ የተቀባዩ ክብር ይጠበቅ። በጉባኤ ፊት አይሰለፍ፤ ፎቶግራፍም አይነሣ። ለሪፖርታችን ቁጥሩ ይበቃናል፤ የተቸገረ ሰው ፊት አያስፈልገንም። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሲመሽ በየቤቱ ቢያደርሱት ለእነርሱም ትልቅ ትምህርት ይሆናቸዋል።

ነሐሴ 16 ቀን የእመቤታችንን የዕርገት በዓል አክብረን ጾሙን ስንፈታ፣ በአጥቢያችን አብሮን የማይፈታ ቤት እንዳይኖር እንትጋ። ያን ጊዜ የጾማችንን ፍሬ በጎረቤታችን ማዕድ ላይ እናየዋለን።

አምላካችን ጾሙን የበረከት ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።