ሥራን ከዳር የማድረስ ጥበብ፦ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ክህሎትና የዕለት ተዕለት ፈተናው ከቡታጅራና ከወልቂጤ ተሞክሮ አንጻር



የንግግሬ ርእሰ ጉዳይ አንድ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ክህሎቱን በምን መንገድ እንደሚያዳብርና በየዕለቱ የሚገጥሙትን ፈተናዎች እንዴት እንደሚወጣ የሚመለከት ነው። ይህ ሙያ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምንጠቅሰው በውጭ አገር የተዘጋጁ መጻሕፍትን ነው። መጻሕፍቱ ጠቃሚዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ስሙ በትምህርት ክፍሎቻችን ከመታወቁ በፊት ሙያው በዚሁ በጉራጌ ምድር ሲሠራበት ቆይቷል። ስለዚህ ምሳሌዎቼን ከቅርብ እወስዳለሁ።

ፕሮጀክት ስንል በተወሰነ ጊዜና በተወሰነ ገንዘብ አንድ የታወቀ ውጤት ለማስገኘት የሚከናወን፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሥራ ማለታችን ነው። የሥራው ወሰን፣ ጊዜው፣ ወጪውና ጥራቱ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱ ሲነካ ሌሎቹም ይናጋሉ። የሥራ አስኪያጁ የዕለት ተግባር ይህን ትስስር መጠበቅ ነው። ትስስሩን የሚያናጉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሰዎች ጋር ባለ ግንኙነት የሚፈጠሩ ጉዳዮች ናቸው።

የመጀመሪያው ምሳሌዬ መንገድ ነው። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ከሌሎች ወገኖቻቸው ጋር ሆነው የትውልድ አካባቢያቸውን ከዋና ከተማው ጋር የሚያገናኙ መንገዶችን ለማሠራት ማኅበራት አቋቋሙ። ከእነዚህ አንዱ ከዓለምገና ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት የተቋቋመው ማኅበር ነው። ምሁሩ ፈቃዱ ገዳሙ በ1960ዎቹ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ይህን ማኅበር በስፋት መርምረውታል። በሰባት ቤት ጉራጌ በኩልም ተመሳሳይ ዓላማ ያለው የመንገድ ሥራ ድርጅት ተቋቁሞ ነበር።

እነዚህ ማኅበራት ለዛሬ ተማሪ የሚሰጡት ትምህርት ምንድን ነው? አንደኛ፣ የሥራውን ወሰን ማንም በሚረዳው ቋንቋ አስቀመጡ። «ከዚህ እስከዚያ የሚደርስ መንገድ» የሚለው ግብ ለነጋዴውም፣ ለገበሬውም፣ ለመንግሥት ሹሙም አንድ ትርጉም ነበረው። ዛሬ ብዙ የፕሮጀክት ሰነዶች «አቅምን ማጎልበት» እና «ተጠቃሚነትን ማሳደግ» በሚሉ ሐረጎች ይሞላሉ። ሥራው ተጠናቋል ወይስ አልተጠናቀቀም የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ግን መልስ የሚሰጥ አይገኝም። ሁለተኛ፣ መዋጮው የተሰበሰበው መተማመን አስቀድሞ በነበረበት ማኅበራዊ መሠረት ላይ ነው። እቁብ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን ይወስዳል። ዕድርም የአባላቱን መዝገብ ይይዛል፤ የሂሳቡን ገቢና ወጪ በጉባኤ ያሰማል። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ያደገ ሰው ገንዘቡ የት እንደ ደረሰ መጠየቅን እንደ ድፍረት አይቆጥረውም። የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅም ሳይጠየቅ የሚነገር ሂሳብ ከሁሉ የበለጠ የመተማመኛ መንገድ መሆኑን ከዚህ መማር ይችላል።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ከቡታጅራ ነው። በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ክፍል ከስዊድኑ የኡመዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በቡታጅራና በአካባቢው የገጠር ጤና ጥናት ጀመረ። ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመረጡ፤ የነዋሪው ሁሉ ቆጠራ ተካሄደ። ከዚያም መረጃ ሰብሳቢዎች በመጀመሪያ በየወሩ፣ በኋላም በየሩብ ዓመቱ ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትን፣ ሞትን፣ ጋብቻንና የመኖሪያ ለውጥን መመዝገብ ቀጠሉ። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣም ምዝገባው አልቆመም። ከዚህ የመረጃ መሠረት ላይ በሕፃናት ሞት፣ በእናቶች ጤናና በአእምሮ ሕመም ላይ ያተኮሩ በርካታ ጥናቶች ወጥተዋል።

የዚህ ሥራ ጥንካሬ በአንድ ታላቅ ውሳኔ ላይ ብቻ የተመሠረተ አይደለም። አንድ መዝጋቢ በጭቃ ወቅት ወደ አንድ ቤት ሄዶ ያገኘውን በትክክል መጻፉ፣ ተቆጣጣሪው ያንን ቅጽ መመርመሩ፣ ጉድለት ሲገኝ ቅጹ ለእርማት መመለሱ ነው ሥራውን ያቆመው። የሐዘን ቤት ገብቶ «ማን ሞተ? ዕድሜው ስንት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ቀላል አይደለም። ይህን የሚችለው የአካባቢውን ቋንቋና ወግ የሚያውቅ፣ በቤተሰቡ ዘንድ የታመነ ሰው ነው። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ሥራ አስኪያጅ ይቀየራል፤ በሚገባ የተያዘ መዝገብ ካለ ግን ተተኪው ሥራውን ከቆመበት ይቀጥላል።

አሁን ወደ ዕለት ተዕለት ፈተናዎች ልሻገር። ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የዘመን አቆጣጠርን ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። በጀት በሚለቀቅበት ጊዜ ክረምቱ ገብቷል፤ ቁፋሮና የአፈር ሥራ ይስተጓጎላል። ዝናቡ ሲያባራ መስቀል ይደርሳል፤ በጉራጌ መስቀል ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። የጨረታው ሂደት ተጠናቆ ተቋራጩ ሥራ ቦታ ሲደርስ ከበጀት ዓመቱ ብዙው ነጉዷል። ከዚያ በኋላ «ሰኔ ሳይደርስ» የሚባለው ጥድፊያ ይመጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተሞላ ኮንክሪት በጥድፊያ ይሰነጠቃል።

ብልህ ሥራ አስኪያጅ ይህን አቆጣጠር አይረግመውም፤ ይጠቀምበታል። ክረምቱን ለንድፍ ክለሳ፣ ለጨረታ ሰነድ ዝግጅትና ለካሳ ድርድር ያውለዋል። መስቀልንም እንደ መሰናክል ብቻ አያየውም። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚኖረው ተወላጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ቀዬው የሚሰበሰብበት ሌላ ወቅት የለም፤ ሙስሊሙም በዓረፋ እንዲሁ ይመጣል። የትምህርት ቤት ወይም የውኃ ሥራ ዕቅድን ለሕዝብ ለማቅረብ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም።

ሁለተኛው ፈተና ማዳመጥ ነው። የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ፣ የክስታኔም የጎርደና ሴራ የተከራካሪዎችን ቃል ሰምተው የሚዳኙ ባህላዊ ሥርዓቶች ናቸው። ባለድርሻ አካላትን ማወያየት የምንለው ነገር በዚህ አገር አዲስ አይደለም። ነገር ግን በሸንጎ ማን ተቀመጠ፣ ማንስ ቀረ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ መነሣት አለበት። በትውፊት የምትታወቀው የቃቄ ወርድወት የሴቶችን የጋብቻ መብት ይዛ በየጆካ ሽማግሌዎች ፊት የቆመችው በሸንጎው የሴቶች ድምፅ ስላልነበረ ነው። ዛሬም የውኃ ቦኖ የሚተከልበት ቦታ ሲመረጥ በስብሰባው የተገኙት ወንዶች ብቻ ከሆኑ፣ ውኃ ቀጂዎቹ ሴቶች ግን ካልተጠየቁ፣ ቃለ ጉባኤው ቢፈረምም ምክክሩ ተካሂዷል ማለት አይቻልም።

ሦስተኛው ፈተና መጥፎ ዜና ነው። የሲሚንቶ ዋጋ ሲንር፣ ነዳጅ ሲጠፋ፣ ተቋራጭ ሠራተኞቹን ሲበትን፣ ሪፖርት አቅራቢው «ሥራው በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብሎ መጻፍ ይቀለዋል። በኅዳር የተነገረ የአንድ ወር መዘግየት መፍትሔ ሊገኝለት ይችላል፤ በሰኔ የታወቀ የአምስት ወር መዘግየት ግን ወቀሳን ብቻ ያስከትላል። ስለዚህ መጥፎ ዜናን በጊዜውና በቁጥር፣ ከአማራጭ መፍትሔ ጋር ማቅረብ ከክህሎቶች ሁሉ ከባዱና ተፈላጊው ነው። ይህ በሥራ አስኪያጁ ጨዋነት ብቻ የሚሳካ አይደለም። እውነቱን የተናገረን ባለሙያ የሚቀጣ መሥሪያ ቤት በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እውነትን አይሰማም። የበላይ ኃላፊዎች የመሆን ዕድል የሚገጥማችሁ ሁሉ ይህን አስታውሱ።

ውድ ተማሪዎች፣ እነዚህ ክህሎቶች በአንድ ሥልጠና የሚገኙ አይደሉም። የእንሰት ተክል ከችግኝነቱ ጀምሮ ከቦታ ቦታ እየተዛወረ፣ ሥሩ እየሰፋ፣ ከዓመታት በኋላ ለምግብ ይደርሳል፤ ገበሬው በየዓመቱ አዲስ ካልተከለ የዛሬ አምስት ዓመት የሚበላው እንደማይኖር ያውቃል። ባለሙያም እንዲሁ ነው። ከአሁኑ ልትጀምሩት የምትችሉት ብዙ ነገር አለ። የቡድን ሥራ ሲሰጣችሁ የሥራ ድርሻን በጽሑፍ አስቀምጡ። የሥራ ማስታወሻ ደብተር ይኑራችሁ፤ በየዕለቱ የተወሰነውን፣ የወሰነውን ሰውና ቀኑን መዝግቡ። ለተግባር ልምምድ ስትወጡ መሐንዲሱን ብቻ ሳይሆን የመጋዘን ጠባቂውንና የግንበኞቹን አለቃ ጠይቁ። አንድ ግምት ስትሰጡ መነሻችሁን ጻፉ፤ ሥራው ሲያልቅም ግምታችሁን ከተገኘው ውጤት ጋር አመሳክሩ።

ጉዳዩ የአንድ ባለሙያ የሥራ ዕድገት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላደከምኳችሁ ነበር። በግማሽ የቀረ ሕንፃ የሚያባክነው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ያዋጣው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ እጁን ይሰበስባል፤ ስብሰባ ሲጠራም አይመጣም። በ1950ዎቹ የመንገድ መዋጮ የከፈሉት ሰዎች ያቆዩልን ሀብት መንገዱ ብቻ አይደለም፤ «አብረን ከሠራን ከዳር እናደርሳለን» የሚል እምነትም ነው። ይህን እምነት የምትረከቡት እናንተ ናችሁ፤ የሚጠበቀውም ሆነ የሚባክነው በየቀኑ በምትይዙት መዝገብ፣ በምታዳምጡት ሰውና በምትናገሩት እውነት ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁንና አስተያየቶቻችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።